ከፊት የሚቆመው ሰው

ወጪውን አስቀድሜ ልናገር፤ ነጋዴ ነኝና ሌላ አነጋገር አላውቅም። ይህ ነገር ሦስት በቅሎ፣ አንድ ጥማድ በሬ፣ በሐይቅ ከብት ተራ ዋርካው ሥር የነበረችኝን ቦታ እና የሚስቴን ሳቅ ወስዶብኛል። በቅሎዎቹንና በሬዎቹን በገዛ እጄ ሸጥኋቸው። ቦታዋን ቀድሞ የነቃ ሰው ያዛት፤ ንግድ ነው፣ አልቀየምም። ሳቁን የወሰደውን ሰው ግን አውቀዋለሁ። መኮንን ይባላል። ከጉርምስናችን ጀምሮ የንግድ ሸሪኬ ነው። ዛሬም ጠዋት ቤቴ ቁርሱን በልቶ ሄዷል።

እኔ ይማም እባላለሁ። እንጀራዬ ከባቲ ገዝቶ ሐይቅ፣ ከአምባሰል ገዝቶ ደሴ መሸጥ ነበር። ፊደል የለየሁት የአይሱዙ ግንባር ላይ የሚጻፈውን እያነበብሁ ስለሆነ ጽሕፈቴ እንደ መኪና ጽሑፍ ቢያጥር አትፍረዱብኝ። ጡረታ ለመንግሥት ሠራተኛ ነው ይላሉ። እኔም ወጥቻለሁ፤ የሸኘኝ የለም እንጂ።

ንግዱን ያስተማረን አያ ሰይድ ነው፤ እኔንም መኮንንንም። እኔ የሐይቅ ልጅ ነኝ። መኮንን የአምባሰል ቄስ ልጅ ሆኖ ድቁናውን ትቶ ከብት መንዳት የመረጠ ነው፤ አባቱ እስኪሞቱ ድረስ በሬ ሲያዩ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር አሉ። አያ ሰይድ ሁለታችንን እኩል ያበላን፣ እኩል ይቆጣን ነበር። እኩል ያልሆነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱን እደርስበታለሁ።

አያ ሰይድ በቅሎ ሊገዛ ሲመጣ ጥርሷን አያይም። «ጥርስ ዕድሜ ነው የሚነግርህ፤ እኔ ልሄድባት እንጂ ላገባት አልመጣሁም» ይል ነበር። መፋቂያውን አፉ ውስጥ አድርጎ ራቅ ብሎ ይቀመጣል። የባለቤቱን ጤና፣ የልጆቹን፣ የዝናቡን ሁኔታ ይጠይቃል። ሰውየው የመጣበትን እስኪረሳ ድረስ ካዋራው በኋላ፣ «እስቲ ገመዱን ላላ አርግላት» ይላል። የተወጠረ ገመድ አንካሳዋንም ቀጥ አድርጎ ያቆማታልና። ገመዱ ሲላላ ተነሥቶ በጎኗ ያልፋል፤ ሲያልፍ ሳያስበው እንደነካት አስመስሎ ዳሌዋን በመዳፉ ገፋ ያደርጋታል። የተገፋች እንስሳ እግሯን የት እንደምታሳርፍ ያያል። ከዚያ ዞር ያስደርጋታል። መጨረሻ ላይ ወደ ውኃ ቁልቁል ያስነዳታል። «በቀጥታ መንገድ ሁሉም ይዋሻል፤ ስትዞርና ስትወርድ ነው እውነቷን የምታወጣው» የሚለው ነገር ነበረው።

አንድ የገበያ ቀን አምባሰል ውስጥ አንዲት ዳማ በቅሎ አየሁ። አንገቷ፣ ጆሮዋ፣ ምኗ ቅጡ! ልቤ ጠፋ። ሄጄ ገመዷን ያዝሁና ሳብ ሳብ አደረግኋት፤ እንደ ሙሽራ ተራመደች። «አያ ሰይድ፣ ይቺን ካልገዛን የምንገዛው የለም» አልሁ። መኮንን በጎን ቆሞ ነበርና በአፉ አፏጨላት። በቅሎዋ ድምፁን ሰምታ ዞር ስትል የኋላ እግሯ ተጠላለፈና በጉልበቷ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። ለካ ባለቤቱ አንካሳነቷ እንዳይታወቅ በደህናው እግሯ ሰኮና ውስጥ ጠጠር ወትፎላት ኖሯል፤ ሁለቱም እግር እኩል ሲያማት እኩል ትረግጣለች።

አያ ሰይድ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። የያዘውን የወይራ ዱላ ለመኮንን ሰጠው። ለኔ የሰጠኝ ቃል ብቻ ነው፤ «ይማም ዓይን አለው፤ እጁ ግን አያርፍለትም።»

እኩል ያልሆነው ይህ ነው። ዱላዋ እስከ ዛሬ መኮንን እጅ ናት። ስንት በሬ ነድተናል፣ ስንት ደላላ አጭበርብሮን ስንቱን አጭበርብረናል፤ ይህን ሁሉ ስናደርግ አንድ ዓይኔ ዱላዋ ላይ ነበር።

ዘመኑ ሄደ። አስፋልቱና ባጃጁ በቅሎን ከገበያ አስወጧት፤ እኛም ወደ በሬ ዞርን። ግብሩና ደረሰኙ የራሱ ጣጣ ነበረው፤ እሱን ትቼዋለሁ። አያ ሰይድም ወደ ማይቀረው ሄደ። ከዚያ አንድ ቁልቁለት ላይ በሬ የጫነ አይሱዙ ተገለበጠና መኮንን ጭንቅላቱን ተመታ። ነፍሱ ተረፈች፤ ሚዛኑ ግን ተናጋ። ጠላ ሳይቀምስ እንደሰከረ ሰው ግድግዳ ለግድግዳ ይሄድ ጀመር። ደሴ ለእግሩ ሕክምና፣ ፊዚዮቴራፒ የሚሉት፣ ብዙ ጊዜ ተመላልሶ እንደ ሕፃን አንድ ሁለት ብሎ መሄድ ጀመረ። አሁንም እግሩን ሰፋ አድርጎ ነው የሚረግጠው። በዚያን ጊዜ የሐይቅ ሰው ክርስቲያኑም እስላሙም ቤቱ ጎረፈ። በቀኝ የሚገባው «በእስጢፋኖስ ተማረ!» ይላል፤ በግራ የሚገባው ዱዓ ያደርጋል። በበሽታ የሚቀና ሰው አይታችሁ አታውቁ እንደሆነ እኔን እዩ።

የኔው ቤት ተራ ሲደርስ ግን ቅናት አልነበረም። ባለቤቴ ዘይነባ ፈጣን ሴት ናት፤ ስትሄድ ጥላዋ ይከተላታል እንጂ አይደርስባትም። አንድ ጠዋት ለሶላት ውዱ ስታደርግ ኩስኩስቱ ከእጇ ወደቀ። ዞር ብዬ ሳያት አፏ ወደ አንድ ጎን ሄዷል። ደሴ አደረስናት። ስትሮክ ነው አሉን፤ ቀኝ እጅና እግሯን ያዛት። አልሀምዱሊላህ፣ ምላሷ ከእግሯ ቀድሞ ዳነ። አልጋ ላይ ሆና የመጀመሪያ ንግግሯ «ፍየሎቹን ማን አሰራቸው?» የሚል ነበር። ሁለተኛው ግን ከበደኝ።

«የፋጤ ልጅ ሰርግ መቼ ነው?»

ፋጤ እህቷ ናት። አምባሰል ውስጥ፣ ከመኪና መንገድ ወርዶ ገደሉን ታክኮ በሚሄድ የእግር መንገድ የሚደረስ መንደር ነው ያለችው። ባጃጅ አይገባም።

«ከመኸር በኋላ ነው። አብሽሪ፣ በቃሬዛ ወስደን እናስገባሻለን» አልኋት።

«ሙት ነኝ እንዴ? እህቴ ደጅ ታዝዬ አልገባም። በእግሬ ካልገባሁ አልሄድም፤ ካልሄድሁ ደግሞ አንተም አትሄድም።»

ነገሩ በዚህ ተቆረጠ።

እዚያው ደሴ ራሔል የምትባል ወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ተቀበለችን። የመጀመሪያው ቀን ዘይነባን አቁማ፣ ወንበር አስይዛ፣ ክብደቷን ወደ ደካማው እግር እንድታሳልፍ ስታደርግ ደስ አለኝ። ትንሽ ቆይታ ግን በመዳፏ ትከሻዋን ገፋ አደረገቻት። ዘለል ብዬ ተነሣሁ።

«አንቺ ልጅ! የታመመች ሴት ትገፊያለሽ?»

«አባባ፣ ይቀመጡ። ካልተገፋች እግሯን ቶሎ ማውጣት አትማርም። ቤት ውስጥ ፍየሉ ሳያስፈቅድ ነው የሚገፋት።»

ዘይነባ ሳቀች። እኔ ተቀመጥሁ። የአያ ሰይድ መዳፍ ትዝ አለኝ፤ ዘይነባ በቅሎ ሆና አይደለም፣ እጁ ዕድሜውን ሙሉ ይገፋ የነበረው ለምን እንደሆነ ያን ቀን ስለገባኝ ነው።

ራሔል ለቤት ያዘዘችን ብዙ ነው። ምንጣፉ ይነሣ፤ ጫፉ እግር ይይዛል። ነጠላ ጫማ ይቅር፣ ከኋላ የሚታሰር ጫማ ታድርግ። ውዱ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታድርግ፤ አንድ እግር አንሥቶ ማጠብ ለጊዜው ቀርቷል። ደካማ እጇን ማንም አይጎትት። የሚደግፋት ሰው ከኋላ፣ በደካማው ጎን በኩል ቆሞ የወገቧን መቀነት ላላ አድርጎ ይያዝ። ስትዞር ባለችበት በትንንሽ እርምጃ ትዙር እንጂ እግሯን ተክላ ወገቧን አትጠምዝዝ። መጨረሻ ላይ ወደኔ ዞራ፣ «ከኋላዋ ሆናችሁ አትጥሯት። ሰው ሲጠራ ሳያስብ ዞር ይላል። የምትፈልጓት ከሆነ ከፊቷ ኑ» አለች።

ሰማሁ። የገበያ ሰው ነኝ፣ የሰማሁት አይጠፋኝም። ጆሮና እጅ ግን አንድ ቤት አያድሩም።

ቤት ስንመለስ መኮንን በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀን፣ ያቺን ዱላ ተደግፎ። «ዘይኔ! እንኳን ወደ ሰካራሞች ማኅበር በደህና መጣሽ!»

ዘይኔ የሚሏት እናቷ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸው ከሞቱ ወዲህ ስሙን የነካው ሰው የለም። እኔም አልደፈርሁትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እየመጣ ግቢው ውስጥ አብረው ይሠሩ ጀመር። ግድግዳ ይዘው አንዱን እግር ከሌላው ፊት እንደ ገመድ አሰልፈው ይቆማሉ። ከወንበር በእጃቸው ሳይደገፉ ይነሣሉ። መሬት ላይ የተጋደመ ዱላ ይሻገራሉ። እኔ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ሁለት ጤነኛ እግሬን አንዱን በአንዱ ላይ አድርጌ አያለሁ። ወሬያቸው ደግሞ አለ።

«ዘይኔ፣ ስትዞሪ መሬቱ ትንሽ ዘግይቶ ነው አይደል የሚመጣው?»

«አንተ! ወላሂ እሱ ነው! ሐይቁ ላይ ጀልባ ውስጥ እንደቆመ ሰው።»

«እና እግርሽ የሌላ ሰው ይመስልሻል።»

«የሌላ ሰው ብቻ? የተበደርሁት ነው የሚመስለኝ!»

ይስቃሉ። ከሠላሳ ዓመት በላይ አንድ አልጋ ላይ አብራኝ ካደረችው ሴት ጋር እንደዚህ ያለ ወሬ አውርቼ አላውቅም። ምን ብዬ ላውራ? መሬት ለኔ ሁልጊዜ በሰዓቱ ነው የሚመጣው። አንድ ቀን ከፍየሎቹ ጀርባ ሄጄ ዓይኔን ጨፍኜ በአንድ እግር ቆምሁ፤ እነሱ የሚያዩትን ለማየት። ያየሁት የለም። ዓይኔን ስገልጥ አንዱ ፍየል ሣር መጋጡን አቁሞ ያየኛል።

በገበያ ቀን ግን መውጣቴን አልተውሁም ነበር። በሬዎቹን ቀልቤ አይደለም የሚገዛቸው፤ እጄ ነው። ዋርካው ሥር ተቀምጬ የሰው በሬ እያየሁ ግቢዬን አስባለሁ። አሁን ምን ብሏት ይሆን? አሁን በምን ሳቀች? ደላሎቹ ነቅተውብኝ «ይማም ዛሬም ልቡን ቤት ጥሎ መጣ» ይሉኝ ጀመር።

አንድ ቀን ጥማድ በሬዬን ሸጬ በጊዜ ተመለስሁ። የግቢው በር ገርበብ ብሏል። ዘይነባ ያለ ምርኩዝ፣ ማንም ሳይይዛት፣ ከግድግዳው ተነሥታ መሐል ግቢው ላይ ደርሳለች። ጀርባዋ ወደኔ ነው። ጎረቤቶች በአጥሩ ላይ ተንጠልጥለው ትንፋሻቸውን ይዘዋል። ፊት ለፊቷ መኮንን ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ «ነይ፣ ነይ፣ እኔን እያየሽ ነይ» ይላል። እሷም እየሳቀች ትሄዳለች፤ ወደሱ።

የመጀመሪያ እርምጃዋ ነው፤ እኔ የሌለሁበት። ሌላ ምንም አላሰብሁም።

«ዘይነባ!»

ዞር አለች። እግሯን ተክላ፣ ወገቧን ጠምዝዛ፣ በድሮው ፍጥነቷ። ዳማዋ በቅሎ በፉጨት እንደዞረችው። ሮጬ ደረስሁ፤ መድረሱንስ ደረስሁ። የያዝሁት ግን ቀኝ እጇን ነው። ሳብሁት። ትከሻዋ ከቦታው ሲወጣ በመዳፌ ተሰማኝ፤ ያም ሆኖ ሁለታችንም ወደቅን። እላይዋ ላይ።

ደሴ ስንደርስ ራሔል ትከሻዋን አየች። ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ «ከኋላ ማን ጠራት?» አለች።

መኮንን ዱላውን ተደግፎ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «እኔ ነኝ፣ እህቴ። አፌ አመለጠኝ» አለ።

ይኸን ሰውዬ እዩት! አንድ ጥፋት ባጠፋሁ ጥፋቴን እንኳ ሊወስድብኝ። «ውሸቱን ነው፤ እኔ ነኝ» አልሁ። ቢያንስ ይህቺ የኔ ትሁን።

ዘይነባ ትከሻዋ ታስሮ ቤት ገባች። ሕመሙ ይሻላል፤ ፍርሃቱ ነው የከፋው። ከዚያ ወዲህ ተነሺ ስትባል ወንበሩን ጨምቃ ትይዛለች። እግሯ የተማረውን ልቧ አላምንህም አለው። ስለ ሰርጉ የሚያነሣ ሰው ጠፋ። ያን ሰሞን በቅሎዎቹን ሸጥሁ፤ ለአምሮቴ ያስቀመጥኋቸው ነበሩ። ዋርካው ሥር የተቀመጥሁበትን ድንጋይ አቧራውን አራግፌ ተነሣሁ። ሥራ የፈታሁት በዚህ ሁኔታ ነው።

ራሔል እንደገና ከመነሻው አስጀመረችን። «አሁን ሁለት ሰው ያስፈልጋታል። አንዱ ከኋላ መቀነቱን ይይዛል። አንዱ ከፊት ይቆማል፤ ዓይኗ እግሯ ላይ እንዳይቀር እሱን ታያለች።»

ከፊት የሚቆመው ማን እንደሆነ መጠየቅም አያሻም፤ ባል ነኝ። ቆምሁ። ዘይነባ ከወንበሩ ከፍ አለች፣ አየችኝ፣ ተመልሳ ቁጭ አለች። ደገመች። እንደዚያው ሆነ።

«መኮንን ይቁም» አለች።

«ለምን?» አልሁ።

«አንተ ሰውዬ፣ ፊትህን ሳይ ገና ሳልነሣ መውደቄን አያለሁ። ፊትህ ላይ ወድቄያለሁ፣ ተሰብሬያለሁ፣ አንተም ለቅሶ ተቀምጠሃል። እሱ ግን ስንቴ ወድቆ የተነሣ ነው። ብወድቅም የሚስቅ ፊት ነው ያለው።»

መኮንን አንገቱን ደፋ። ደስ ሲለው እንዲህ ያደርጋል፤ አውቀዋለሁ።

ስለዚህ ወደ ኋላ ሄድሁ። ከፊት የቆመ ሰው ፊቷን ያገኛል፤ ከኋላ የቆመ መቀነቷን ያገኛል። መቀነት ስትይዙ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ይህን እንኳ መኮንን አያውቀውም። ብታጠብቁት ክብደቷን ጥላባችሁ ትሄዳለች፤ እግሯም ይሰንፋል። ብትለቁት ጣታችሁ በሰዓቱ አይደርስም። ሁለት ጣት ከሥር ገባ ብሎ፣ ጨርቁ ሳይወጠር፣ ስትወዛወዝ መወዛወዟን እየሰማችሁ፣ ራሷ እስክትመልሰው መታገሥ ነው። መታገሡ ነው ላብ የሚያወጣው። ስትንገዳገድ እጄ «ሳብ!» ይለኛል። አያ ሰይድ መቃብር ውስጥ ሆኖ «ላላ አርግላት» ይለኛል። ገበያ ያላሳረፈው እጄ ሚስቴ ወገብ ላይ አረፈ። ይህን ያየልኝ ግን የለም፤ ሁሉም የሚያየው ከፊት ያለውን ነው።

መኸሩ ተሰብስቦ ገባ። እኛም ለሰርጉ ወጣን። ሚኒባስ፣ ከሚኒባስ ባጃጅ፣ ባጃጁ መንገዱ ሲያልቅበት ቆመ። ከዚያ ያለው የፋጤ ቁልቁለት ነው፤ ኮረት የፈሰሰበት። ከታች መንዙማው ይሰማል። ቃሬዛ ይዘው የወጡ ጎረምሶች ነበሩ፤ ዘይነባ በዓይኗ መለሰቻቸው።

መኮንን ትንሽ ይወርድና ዱላውን ተክሎ ይዞራል፤ እሱም ሲዞር በትንንሽ እርምጃ ነው። «ነይ ዘይኔ» ይላል። ትሄድለታለች። እንደገና ይወርዳል። እኔ ከኋላ ነኝ፤ የማየው የሻሿን ቋጠሮና አለፍ ብሎ የመኮንንን ፈገግታ ነው። ምን ዓይነት ፊት እንዳደረገችለት የማውቀው በሱ ፊት ነው። በመስታወት እንደማየት በሉት፤ መስታወቱ ጺም አለው እንጂ።

የቁልቁለቱ ወገብ ላይ ስንደርስ ከበላያችን አንዲት የሰርግ እንግዳ፣ የዘይነባ የዱሮ ጎረቤት፣ ከኋላችን መንገዱን ይዛ ስትመጣ አየቻት።

«ያ ረቢ! ዘይነባ! ዘይነባ አይደለሽም?»

ጣቶቼ ተነሡ። «ሳብ!» አለኝ እጄ።

አልሳብሁም። ዘይነባ ቆመች። ደካማ እግሯ ትንሽ ፈልጎ ኮረቱን ረገጠ። ከዚያ ባለችበት፣ ቀስ ብላ፣ እግሯን እያነሣች እያስቀመጠች ዞረች። መቀነቱ በጣቴ ውስጥ እየተንሸራተተ አለፈ፤ አንዴም አልተወጠረም። ዞራ ስትጨርስ ፊቷ ፊቴ ላይ ነው። ከዚያን ቀን ውድቀት ወዲህ ቆማ ፊት ለፊት አይታኝ አታውቅም።

«አለህ እንዴ እዚህ?» አለችኝ።

«የት ልሄድ?»

«እጅህ አልተሰማኝማ። ልቀቀው በቃ።»

ለቀቅሁት። ሳቀች። ለጎረቤቷ ይሁን ለኔ አልጠየቅሁም፤ የተሰጠ ዋጋ አይመረመርም። ከዚያ መልሳ በትንንሹ ዞረችና ወደ መኮንን ወረደች።

ፋጤ ደጅ ላይ እልል ስትል ዘይነባ የበሩን ደፍ ራሷ አይታ፣ ደህናውን እግሯን ሳይሆን ደካማውን አስቀድማ ገባች። መውረጃ ነውና እንደዚያ ነው የሚደረገው። መኮንን ክርስቲያን ስለሆነ በግ ተሰጥቶት ከክርስቲያን እንግዶች ጋር አርዶ በላ። እኔ ከሁለት መቶ ሰው ጋር አንድ ድስት ተካፈልሁ።

ስንመለስ መንገድ ላይ መኮንን፣ «ይማም፣ ይቺ ዱላ ላንተ ትሁን፤ ሥራውን የሠራኸው አንተ ነህ» አለኝ። ዘረጋልኝ። አየኋት፤ አልተቀበልሁም። እሱ ያለ ዱላ ይወድቃል፤ እሱ ከወደቀ ከፊቷ የሚቆም የለም።

ሒሳቡ ይኸው ነው። በቅሎ የለኝም። ከብት ተራ ቦታ የለኝም። ዱላዋ መኮንን ጋ ናት። ዘይነባ ትሄዳለች፤ በዝናብ ቀን በምርኩዝ፣ በደረቅ ቀን በባዶ እጇ። ከፊት መኮንን ይቆማል። ከኋላ እኔ እቆማለሁ።